ጠባብ ጨረር ወይስ ሰፊ? የጠላቂ መብራት ምርጫ
ከድሬዳዋ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ለመጥለቅ ያሰበ ሰው፣ ገና በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ሳለ ሊወስነው የሚገባው የመብራቱን የጨረር ስፋት ነው። 10 ዲግሪ ገደማ የሚሰፋው ጠባብ ጨረር ብርሃኑን በአንድ ቦታ ስለሚያከማች፣ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ከተንሳፋፊ ቅንጣቶች ነጥሮ ዐይን የሚወጋው ብርሃን አነስተኛ ነው፤ የዓለት ስንጥቅ ለመፈተሽም ሆነ ለጓደኛ ምልክት ለመስጠት ይመቻል። 100 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚሰፋው ግን በዋናነት ለቪዲዮ ቀረጻ ነው፤ ውኃ ቀይ ቀለምን ቀድሞ ስለሚውጥ፣ ኮራሉን በቅርብ ርቀት በእውነተኛ ቀለሙ ያሳያል፣ ራቅ ሲል ግን ይደክማል። በሌሊት ለሚጠልቅ ጀማሪ ጠባቡን እመርጣለሁ፤ ሻጮች የሚያሞግሱት የሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የድሬዳዋን አቧራ ለሚያውቅ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ በክዳኑ የጎማ ቀለበት ላይ የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሁለቱንም መብራቶች ውኃ ልታስገባባቸው ትችላለች።