ጽሑፍ ከሌለው የጉሮሮ ማለስለሻ ተጠንቀቁ፤ በተለይ ሳክስፎን የምትነፉ

ጅማ ውስጥ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ክላርኔትም ሆነ ዋሽንት የምትነፉ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። "የነፊዎች የጉሮሮ ማለስለሻ" እየተባለ በትንሽ ቡናማ ጠርሙስ የሚሸጥ ነገር አለ። ምን እንዳለበት፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ የሚል አንድም ጽሑፍ የለበትም። አትግዙት። ገዝታችሁ ከሆነም አትጠጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ዕቁብ ደረሰኝ። ብሩን ሌላ ነገር ሳይበላው ብዬ ያገለገለ አልቶ ሳክስፎን በ42,000 ብር ገዛሁ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን በሳክስፎን ሲነፋ ከሰማሁ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው። ሻጩ "ሙሉ ሰርቪስ ተደርጎለታል፣ ይዞ መንፋት ብቻ ነው" አለኝ። ደስታዬ ብዙ ስለነበር ደረሰኝ እንኳን አልጠየቅኩም።

በመጀመሪያው ሳምንት ጉሮሮዬ መቃጠል ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ምራቅ መዋጥ አቃተኝ። አንዲት ጎረቤቴ "እንጥልህ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ" አለችኝ። እሺ አላልኳትም። እባካችሁ እናንተም እሺ አትበሉ። ቤት ውስጥ እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ የጉሮሮ ህመምን ደግሞ አያድንም።

መሣሪያውን ወደገዛሁበት ሱቅ ተመለስኩ። "አይዞህ ወንድሜ፣ የጀማሪ ጉሮሮ እስኪጠነክር ያማል" አለኝና ከባንኮኒው ስር ጠርሙሱን አወጣ። 900 ብር። "ከመንፋትህ በፊት አንድ ክዳን ጠጣ፣ ትልልቆቹ ሁሉ የሚጠቀሙት ይሄንን ነው።" በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጠርሙስ ጨረስኩ።

ክፋቱ ደግሞ ይሠራል። ጉሮሮዬ ይደነዝዛል፣ ህመሙ ድርግም ብሎ ይጠፋል። እኔም ሦስት ሰዓት ሙሉ ያለ እረፍት እነፋለሁ። አንድ እሁድ ጠጥቼ ተለማምጄ አክስቴ ቤት ቡና ሄድኩ። አቦሉ ከጀበናው እንደወረደ ተቀዳልኝ፣ አነሳሁና ጨለጥኩት። ሙቀቱ አልተሰማኝም። አክስቴ "ኧረ ልጄ፣ ይፈጃል!" ብላ ስትጮህ ነው የነቃሁት። ማታ መድኃኒቱ ሲለቀኝ ላንቃዬ ተልጦ ነበር። በማግስቱ ድምፄ ጭራሽ ጠፋ።

ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የድምፅ አውታሬ ቀልቷል፣ አብጧል። ጠርሙሱን ስታየው ምን እንዳለበት እሷም ማወቅ አልቻለችም። የነገረችኝ ግን አይረሳኝም። "ህመሙ አቁም ይልህ ነበር። አንተ ግን አፉን ዘጋኸው።" ለሁለት ሳምንት መንፋት ከለከለችኝ።

በዚያ መሀል ድሮ ማርሽ ባንድ ውስጥ ይነፉ የነበሩ አንድ አባት ሳክሱን እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ቀጭን የሲጋራ ወረቀት ቀደዱ። ከፓዱ ስር፣ ማለትም ቁልፉ ሲዘጋ ቀዳዳውን ከሚከድነው ልባስ ስር፣ አስገቡና ቁልፉን በቀስታ ዘግተው ወረቀቱን ሳቡ። ያለ ምንም ችግር ሾልኮ ወጣ። በሌላው ደገሙት፣ እሱም ወጣ። ፓዱ በደንብ ቢገጥም ኖሮ ወረቀቱን ይይዘው ነበር። "ልጄ፣ አንተ የነፋኸው ሳክስ አይደለም፣ የተበሳ ጎማ ነው" አሉኝ።

ለካ የጉሮሮዬ ህመም መነሻው ይሄ ነው። የሳክስፎን ፓድ አብዛኛውን ጊዜ ስስ ቆዳ የለበሰ ወፍራም ጨርቅ ነው። የጅማን ዝናብና እርጥበት ታውቁታላችሁ። ፓዱ ይረጥባል፣ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ መጨረሻ ላይ ቀዳዳውን በደንብ መዝጋት ያቅተዋል። አየር ሲያፈስ ድምፅ እንዲወጣ አብልጣችሁ ትገፋላችሁ። ሳታስቡት ጉሮሯችሁን ታጠባላችሁ። ያ ነው የሚያቆስለው። ሱቁ ደግሞ ከሳክሱ ጋር የሰጠኝ ሪድ፣ ያ ሲነፋ የሚርገበገበው ስስ ሸምበቆ፣ ጠንካራው 4 ቁጥር ነበር። ለጀማሪ የሚሆነው ለስለስ ያለው ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ነው። ማውዝፒሱን፣ አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ፣ በባትሪ ሲያዩት ውስጡ ጠቁሮ ሻግቷል። ሰርቪስ ያሉት ላዩን መወልወል ነው።

ሻጋታውን እንደ ቀላል አትዩት። በ2016 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሐኪሞች ስለ አንድ የባግፓይፕ (ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) ነፊ ጽፈው ነበር። ሰውዬው ለዓመታት ይስል፣ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። መሣሪያውን ሳይዝ ሦስት ወር አውስትራሊያ ሲቆይ ተሻለው። ተመልሶ መንፋት ሲጀምር ባሰበት፣ በመጨረሻም ሞተ። መሣሪያው ውስጥ የተለያዩ የሻጋታ ዓይነቶች ተገኙ። ይሄ የሳንባ ነገር ነው፣ የእኔ ደግሞ የጉሮሮ። ግን ሁለቱም የሚገባው በዚያው አፍ ነው።

ስለዚህ ያገለገለ መሣሪያ ስትገዙ የሚነፋ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀቱን ፓዶቹ ላይ ሞክሩት። የታችኞቹን ኖቶች በቀስታ ንፉ። ካልወጡ ወይም በጉልበት ብቻ ከወጡ ምናልባት ያፈሳል። ማውዝፒሱን አሽትቱት። ደረሰኝ ተቀበሉ። እኔ ደረሰኝ ስላልያዝኩ ገንዘቤን መልስልኝ ስለው "ከእኔ መግዛትህን በምን ታውቃለህ?" ነው ያለኝ።

ጉሮሮ ለሚያማችሁ ደግሞ እኔን የረዳኝ ይሄ ነው፦ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት፣ ሃያ ደቂቃ ነፍቶ ማረፍ። ማር በሻይም ያለሰልሳል፣ ማሩ መቼም እዚሁ አለን። ሆድ ጢም ብሎ አትንፉ፣ አሲዱ ወደ ላይ እየወጣ ጉሮሮን ይልጣል። ከነፋችሁ በኋላ ውስጡን በጨርቅ አድርቁ። ማውዝፒሱን በየሳምንቱ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ፍል ውሃ ግን ያበላሸዋል። ሪድ አትዋዋሱ።

ትኩሳት ካለ፣ አንገት ላይ እብጠት ከወጣ ግን በጨው ውሃ አትዘናጉ። ቶንሲል በባክቴሪያ ከሆነና በጊዜ ካልታከመ ልብን ሊጎዳ ይችላል፣ በተለይ የልጆችን። በግምት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም መፍትሔ አይደለም። አብዛኛው የጉሮሮ ህመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ድምፃችሁ ከሦስት ሳምንት በላይ ከጎረነነ መታየት አለባችሁ።

የሳክሱን ፓዶች አሁን አስቀይሬያለሁ። ሌላ 9,000 ብር ወጣ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰርግ ላይ ሁለት ሰዓት ነፋሁ፣ ጉሮሮዬ ዝም አለ።

ጠርሙሱ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። ከነክዳኑ አስቀምጡት፣ የገዛችሁበትን ቀንና የከፈላችሁትን ጻፉበት። ከዚያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ላይ ደውሉ። እኔ ደውያለሁ። ሁለተኛ ሰው ሲደውል ግን ነገሩ ክብደት ያገኛል፣ ያ ሰው ከእናንተ አንዱ ይሁንልኝ።