ለቤት ራውተር የትኛው ይሻላል? ሚኒ ዩፒኤስ፣ የኮምፒውተር ዩፒኤስ፣ ስታቢላይዘር ወይስ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር

መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ አልነሳ ካለ አዲስ ለመግዛት አይቸኩሉ። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ራውተሩ ሳይሆን ሶኬት ላይ የሚሰካው አዳፕተር ነው። ተመሳሳይ አዳፕተር ከጎረቤት ተውሰው ይሞክሩ። ቮልቱ ያው መሆን አለበት፤ አምፔሩ ግን እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። 12 ቮልት 1 አምፔር የሚፈልግ ራውተር በ12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር ያለ ችግር ይሠራል፤ የሚስበው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነውና። በ9 ቮልት ራውተር ላይ 12 ቮልት መሰካት ግን ሊያቃጥለው ይችላል።

መከላከያ ከመግዛት በፊት ምን እንደሚከላከሉ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤት የሚገባው 220 ቮልት አዳፕተሩ ውስጥ መጀመሪያ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ሲቀየር 310 ቮልት ገደማ ይሆናል። ይህን የሚሸከመው ካፓሲተር (ኃይል ለጊዜው የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) አብዛኛውን ጊዜ 400 ቮልት ተጽፎበታል። የሰፈሩ መስመር ላይ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ሲበጠስ ወይም ሲላላ የአንዱ ቤት ቮልቴጅ ይወርዳል፣ የሌላው ወደ 380 ይጠጋል። 380 ወደ ዲሲ ሲቀየር ደግሞ ከ500 ያልፋል። እንዲህ የሞተ አዳፕተር ሲከፈት የካፓሲተሩ አናት አብጦ ወይም ተሰንጥቆ፣ ሰርኪዩቱ ላይ ቡናማ ፈሳሽ ደርቆ፣ ፊውዙ ጠቁሮ ይገኛል። (ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ኃይል ሊቀር ስለሚችል ሙያው የሌለው ሰው ባይከፍተው ይመረጣል።)

ሁለተኛው ገዳይ ሙቀት ነው፤ ይሄኛው ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። የካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በግማሽ ይቀንሳል። የደከመ አዳፕተር በቴስተር ባዶውን ሲለካ 12 ቮልት ያሳያል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ቮልቴጁ ይወርዳል። ለዚህ ነው ቀን ደህና የዋለ ራውተር ማታ አምስት ስልክና ቴሌቪዥን ሲገናኙበት ጠፍቶ የሚነሳው። ገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ከዚህ በታች ተነጻጽረዋል፤ ዩፒኤስ የሚባለው መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያሠራው ነው።

| መሣሪያ | ቮልቴጅ ከመጠን ሲያልፍ | መብራት ሲሄድ | ዋናው ድክመት |
|---|---|---|---|
| ቮልቴጅ ፕሮቴክተር | ይቆርጣል | ራውተሩ ይጠፋል | የመብረቅን ቅጽበታዊ ምት አይደርስበትም |
| ስታቢላይዘር | በተወሰነ መጠን ያስተካክላል | ራውተሩ ይጠፋል | ለራውተር ብዙም አያስፈልግም |
| ሰርጅ (የቅጽበታዊ ምት መከላከያ) ያለው ማከፋፈያ | አጭር ምትን ብቻ ይውጣል | ራውተሩ ይጠፋል | ያለ ኤርዝ (የመሬት ሽቦ) ሥራው ይጎድላል፣ እያደር ያልቃል |
| የኮምፒውተር ዩፒኤስ | መጠነኛ ጥበቃ አለው | ይሠራል | ራሱ ብዙ ኃይል ይበላል |
| ሚኒ ዩፒኤስ | ብቻውን አይበቃም | ለሰዓታት ይሠራል | የቮልትና የፒን ምርጫ ጥንቃቄ ይፈልጋል |

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚገዛው ስታቢላይዘር ነው። ለፍሪጅ ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ለራውተር ግን ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ይሻላል። የራውተሩን አዳፕተር ገልብጠው ያንብቡ፤ መግቢያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ያገኛሉ። መብራቱ ደክሞ ወደ 160 ቢወርድ፣ አምፖሉ እንኳ ቢፈዝ፣ አዳፕተሩ ሥራውን ይቀጥላል። የሚጎዳው ከፍታው ነው። ከፍታውን ለመቁረጥ ደግሞ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ይበቃል፤ ዋጋውም ከስታቢላይዘር በጣም ያነሰ ነው። ለቴሌቪዥን የተገዛ ስታቢላይዘር ካለዎት ራውተሩን እዚያው ላይ መሰካት ክፋት የለውም።

ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠይቁ። በስንት ቮልት ይቆርጣል? ከ250 እስከ 260 ባለው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። መብራት ሲመለስ ስንት ጊዜ ቆይቶ ይለቃል? ለራውተር ከ30 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ ይበቃል፤ መብራት ተመልሶ የሰፈሩ ፍሪጅና ሞተር ሁሉ በአንዴ ሲነሳ መስመሩ የሚናወጠው በዚያች ጊዜ ነው። ቮልቴጁን በቁጥር ያሳያል? የሚያሳየው ትንሽ ቢወደድም ይመረጣል፤ ማታ ማታ 245 እየሆነ የሚያድር ሶኬት እንዳለዎት የሚያውቁት በሱ ነው።

ሰርጅ ያለው ማከፋፈያ ሲባል ቀይ መብራትና ማጥፊያ ያለው ሁሉ አይደለም። እውነተኛው ውስጡ ቫሪስተር የሚባል ምት የሚውጥ ዕቃ አለው፤ ምት ሲመጣ እሱ እየዋጠ ራሱ ይደክማል። መያዣው ላይ በጁል (የሚውጠው ኃይል መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር ይፈልጉ፤ ከሌለ ተራ ማከፋፈያ አድርገው ይቁጠሩት። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ኤርዝ ከሌለው ደግሞ ጥበቃው በከፊል ይጎድላል። በስልክ መዳብ ሽቦ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ሌላም በር አለበት፦ መብረቅ በስልክ መስመሩ በኩል ይገባል። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ከሶኬቱ ጋር የስልክ ገመዱንም መንቀል ከየትኛውም መሣሪያ የተሻለ መከላከያ ነው። የፋይበሩ ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ፋይበር ያለው ቤት በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ዩፒኤሶች። የኮምፒውተሩ፣ ለምሳሌ ባለ 650 ቪኤው፣ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ አለው፤ 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ራውተር 10 ዋት ቢበላ ስሌቱ 8 ሰዓት ገደማ ያሳያል። በተግባር ግማሹንም ላይደርስ ይችላል፤ ምክንያቱም የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ከፍ ያደርገዋል፣ አዳፕተሩ መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል፣ ዩፒኤሱ ራሱም እስከ 15 ዋት ሊበላ ይችላል። አንዳንዱ ሞዴል ደግሞ የሚሳበው ኃይል ትንሽ ከሆነ ምንም እንዳልተሰካበት ቆጥሮ ራሱን ያጠፋል። በየቀኑ እስኪያልቅ የሚሠራ የሊድ ባትሪ ሁለት ዓመት መቆየቱም ያጠራጥራል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ካለዎት ይግዙት፤ ለራውተር ብቻ ግን አይመከርም።

ሚኒ ዩፒኤስ ይህን ሁሉ መመላለስ ይዘለዋል፤ ከሊቲየም ባትሪው በቀጥታ 12 ወይም 9 ቮልት ዲሲ ይሰጣል። ሻጮች የሚናገሩት በሚሊ አምፔር ሰዓት ነው፤ እርስዎ ወደ ዋት ሰዓት ይቀይሩት። 10,000 የተጻፈበት ባትሪ በ3.7 ቮልት 37 ዋት ሰዓት ነው፤ የሚባክነው 15 ከመቶ ገደማ ሲቀነስ 31 ይቀራል። 6 ዋት የሚበላ ራውተር 5 ሰዓት ያህል ይቆያል። የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑና ሁለቱ 14 ዋት ከበሉ ወደ 2 ሰዓት ከሩብ ይወርዳል። ሁለቱንም መሰካት ግዴታ ነው፤ የፋይበሩ ሳጥን ከጠፋ ዋይፋዩ ስልክዎ ላይ እየታየ ኢንተርኔት አይኖርም።

ከግዢ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ መብራት ሲሄድ መስመሩ ራሱ ይኖራል? የቤት ፋይበር ከማዕከሉ እስከ ቤት ድረስ በመንገዱ ላይ መብራት የሚፈልግ ዕቃ የለበትም፤ ስለዚህ ሚኒ ዩፒኤስ በጣም ይጠቅመዋል። የ4ጂ ራውተር ግን የሰፈሩ ታወር ባትሪ ወይም ጄነሬተር እስካለው ድረስ ብቻ ነው። መብራት በሄደ ጊዜ የስልክዎ ዳታ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ለ4ጂ ራውተር ሚኒ ዩፒኤስ መግዛት ትርፉ ትንሽ ነው።

ሦስት ስህተቶች ሚኒ ዩፒኤስ ገዢን ይጎዳሉ። የመጀመሪያው የ9 እና የ12 ቮልት መውጫዎች ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት ቀዳዳ መሆናቸው ነው፤ የማይጠቀሙበትን ዛሬውኑ በፕላስተር ይድፈኑት። ሁለተኛው ፒኑ ነው። ውጪው 5.5 ሚሊ ሜትር ቢሆንም የውስጡ 2.1 ወይም 2.5 ይሆናል፤ 2.5ቱ በ2.1 ላይ ይገባና ይላላል፣ ገመዱ በተነካ ቁጥርም ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። ሦስተኛው በራውተሩ አዳፕተር የሚሞላውን ዓይነት በ1 አምፔር አዳፕተር ማስኬድ ነው፤ ራውተሩን እያሠራ ባትሪም መሙላት ስለሚኖርበት 2 አምፔር ይፈልጋል። ከሶኬት በቀጥታ የሚሞላው ዓይነት ይህ ጣጣ የለበትም፤ ነገር ግን 380 ቮልት ቢመጣ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው። ስለዚህ ፊቱ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ይቅደም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ለአብዛኛው ቤት በቂ ናቸው። አቅም የሚፈቅደው አንዱን ብቻ ከሆነ ፕሮቴክተሩን ያስቀድሙ።

ፓወር ባንክ ከ5 ወደ 12 ቮልት በሚያሳድግ ገመድ መጠቀም ለጊዜው ይሆናል። ብዙው ፓወር ባንክ ግን ቻርጀሩ ሲሰካና ሲነቀል ለቅጽበት ይቋረጣል፤ ራውተሩም ጠፍቶ ይነሳል።

የትኛውንም ቢገዙ፣ ራውተሩ ላይ ያለበሱትን ዳንቴል ያንሱ፤ የአየር ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያውጡት፣ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተዉለት፣ የቡናው ከሰልና የእጣኑ ጭስ ከሚነሳበት ጥግ ያርቁት። ሚኒ ዩፒኤሱን ከሥሩ አይደርቡ፤ ሁለቱም ይሞቃሉ። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ካዩ ወዲያው ከሶኬት ነቅለው ከቤት ያውጡት።

ለግዢ ሲሄዱ ራውተርዎን ከነአዳፕተሩ ይዘው ይሂዱ። ሱቁ ውስጥ ሚኒ ዩፒኤሱ ላይ ይሰኩት፣ መብራቶቹ ሁሉ እስኪበሩ ይጠብቁ፣ ከዚያ ሚኒ ዩፒኤሱን ከሶኬት ይንቀሉ። የራውተሩ መብራቶች ለአንድ አፍታ እንኳ ጠፍተው እንደ አዲስ ከበሩ፣ ያንን ይመልሱና ሌላ ያስወጡ። ካልጠፉ 10 ደቂቃ በባትሪ ያቆዩትና ሚኒ ዩፒኤሱን በእጅ ይንኩት፤ ለብ ማለት ደንብ ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን አይግዙት።