የተበላሸ የሆም ቲያትር ሪሲቨር፦ ይጠገን፣ ያገለገለ ይገዛ ወይስ አዲስ?

«ሪሲቨሬ ድምፅ አቁሟል፤ ላሠራው ወይስ ሌላ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከጓደኞቼ ስለበዛብኝ መልሴን አንድ ቦታ ላስቀምጠው። የማወራው አምስትና ከዚያ በላይ ስፒከር ስለሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ሳጥን ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ብልሽቱ ከኃይል ክፍሉ ወይም ከአምፕሊፋየሩ ከሆነ አሠሩት። ኤችዲኤምአይ ቦርዱ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚቀበለው ክፍል) ከሆነ መጀመሪያ ብዙ ገንዘብ የማያስወጣውን መንገድ ሞክሩ፤ ካልሆነ ያገለገለ ፈልጉ። አዲስ መግዛት በእኔ ቤት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ስለ ዋትና ስለ ቻናል ብዛት አላወራም፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።

ለምርመራ ከመክፈላችሁ በፊት

ብዙ ሰው ለምርመራ የሚከፍለው ቤቱ ተቀምጦ በነጻ ሊያውቀው ለሚችለው ነገር ነው። ጤነኛ ሪሲቨር ሲበራ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ «ቀጭ» ይላል። ይህ ድምፅ የመከላከያ ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ) ስፒከሮቹን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሲያገናኝ የሚሰማ ነው። «ቀጭ» ሳይል ጠፍቶ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ «ፕሮቴክት» ገብቷል፤ ማለትም ራሱን ከጉዳት ለመከላከል ጠፍቷል። ያኔ ከኤሌክትሪክ ንቀሉትና የስፒከር ሽቦዎቹን በሙሉ ከጀርባው አውጥታችሁ ባዶውን አብሩት። ባዶውን በደንብ ከሠራ ችግሩ ከሪሲቨሩ ውጪ ነው። በእጅ ባትሪ የስፒከር ተርሚናሎቹን አንድ በአንድ እዩ፤ ከተጠማዘዘው ሽቦ አምልጣ የወጣች፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች አንዲት የመዳብ ክር ከቀዩ ወደ ጥቁሩ ተሻግራ ልታገኟት ትችላላችሁ። እሷን ቆርጦ መጣል ምንም አያስከፍልም። ክር ከሌለ ስፒከሮቹን በየተራ መልሱ፤ የትኛው ሲገባ እንደሚጠፋ ካወቃችሁ የተበላሸውን ስፒከር ወይም ገመድ አገኛችሁት።

አንዱ ወገን ጠፍቶ ቮልዩም ሲጨመር ድንገት የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሪሌዩ መገናኛ ኦክሳይድ ይዟል። ሪሌይ ከርካሾቹ መለዋወጫዎች አንዱ ነው። በአሸዋ ወረቀት ፍቄ እመልሰዋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን እንቢ በሉ፤ የመገናኛው ሽፋን ተልጦ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል፣ እናንተም የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ድምፅ ከየትም የማይወጣ ከሆነ ገመድ ቀይሩ፣ የቲቪውንና የሪሲቨሩን ሲኢሲ (በኤችዲኤምአይ አንዱ ሌላውን እንዲያዝ የሚያደርገውን ቅንብር) አጥፉ፣ ከዚያ ሪሲቨሩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መልሱት። እንዲህ ተደርጎ የዳነ ሪሲቨር ብዙ አይቻለሁ፤ ባለቤቶቹ ግን ሌላ ለመግዛት ዋጋ እየጠየቁ ነበር።

ኤችዲኤምአይ ሲሞት

በኤችዲኤምአይ የገባው ሁሉ ጠፍቶ ሬዲዮው እና በቀይና ነጩ ገመድ የገባው ድምፅ የሚሠሩ ከሆነ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነው። ማጫወቻችሁንና የዲሽ ሳጥናችሁን በቀጥታ ቲቪው ላይ ሰኩ፤ ከቲቪው የኦፕቲካል (ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፍ) መውጫ ወደ ሪሲቨሩ የኦፕቲካል መግቢያ አንድ ገመድ አገናኙ። በቲቪው የድምፅ ቅንብር ውስጥ የዲጂታል መውጫውን ከፒሲኤም ወደ ዶልቢ ዲጂታል ቀይሩት፤ አለበለዚያ የሚወጣው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። በዚህ መንገድ 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር) ዶልቢ ዲጂታል ታገኛላችሁ። ከፍ ያሉት የድምፅ ዓይነቶች፣ ዶልቢ ትሩኤችዲና አትሞስ፣ በኦፕቲካል አያልፉም። ለብዙ ቤት ይህ ይበቃል፤ ወጪው የአንድ ገመድ ዋጋ ነው።

ኦፕቲካሉም ዝም ካለ፣ የአናሎግ (በቀይና ነጩ ገመድ የገባው) ድምፅ ደግሞ ቅንብሩን በሚያልፈው በ«ዳይሬክት» ሁኔታ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ድምፁን የሚያቀናብረው ዋናው አይሲ (ቺፕ) ነው የሄደው። ይህን ለማሠራት አልመክርም። አይሲው ብዙ ጊዜ ከሥሩ በትናንሽ ኳሶች የተበየደ ሲሆን አንስቶ አዲስ ለማስቀመጥ ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ብዙ ቦታ የሚደረገው ግን በሙቅ አየር መምታት ብቻ ነው። ሲነሳ ደስ ይላል፤ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ግን ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። ሙሉ ቦርድ መቀየር ይሻላል ቢባልም የቦርዱ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከሚሠራ ያገለገለ ሪሲቨር ዋጋ ጋር ይቀራረባል።

ጥገና ስንት ያወጣል?

እዚህ ላይ ነው ሒሳብ መያዝ ያለባችሁ። በአምፕሊፋየር ጥገና ዕቃው ርካሽ ነው፤ ውዱ እጁ ነው። ሪሌይ፣ ፊውዝ፣ ካፓሲተር፣ ትራንዚስተር ተደምረው ከእጅ ዋጋው በታች ናቸው፤ ምክንያቱም አምፕሊፋየሩ ቦርድ ጋ ለመድረስ ከላይ ያሉት ቦርዶች ሁሉ መነሳት አለባቸው። ስለዚህ የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ተለይቶ ይነገራችሁ፤ የምርመራው ክፍያ ከጥገናው ላይ ይታሰብ እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ። የማጓጓዣውን ጨምሩበት፤ መካከለኛው ሪሲቨር 10 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ከፍ ያለው ከዚያ በጣም ይበልጣል። የእኔ ወሰን ይህ ነው፦ ሁሉም ተደምሮ ተመሳሳይ ደረጃ ካለው፣ ከሚሠራ ያገለገለ ሪሲቨር ዋጋ ከግማሽ በታች ከሆነ አሠራለሁ። ከግማሽ ካለፈ አላሠራም። ለዝቅተኛው ሞዴል ወሰኔ ሲሶ ነው።

«ፊውዝ ብቻ ነው የተቃጠለው» ለሚል ጥገና አትክፈሉ። ፊውዝ ያለ ምክንያት እምብዛም አይቃጠልም፤ ከጀርባው ብዙውን ጊዜ ሾርት ያደረገ የውጤት ትራንዚስተር (ስፒከሩን የሚነዳው) ወይም ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) አለ። ተለቅ ያለ ፊውዝ ከተገባበት ደግሞ ቀጥሎ የሚሄደው ትራንስፎርመሩ ነው፣ ያ ከሄደ ጥገናው አያዋጣም።

ከሁሉ በላይ ግን ገንዘባችሁን የሚበላው የፌክ ትራንዚስተር ነው። የአንድ ጓደኛዬ ሪሲቨር ከጥገና ተመልሶ በዝቅተኛ ድምፅ ጥሩ ሲሠራ ቆየ፤ አንድ ማታ ቮልዩም ሲጨመር እንደገና ፕሮቴክት ገባ። የተቀየሩለትን ትራንዚስተሮችና ከፋብሪካ አብሮት የመጣውን የተቃጠለውን በፒንሳ ሰብረን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ከውጭ ጽሑፋቸው አንድ ነው። ከውስጥ ግን የኦርጅናሉ የሲሊከን ቁራጭ ሰፋ ብሎ የብረቱን መሃል ይዟል፤ የአዲሱ ሩቡን እንኳ አይሞላም። ያቺ ትንሽ ቁራጭ የተጻፈባትን አምፒር ልትሸከም አትችልም። ቶሺባ ለሚሠራቸው 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 የተጻፈው 230 ቮልትና 15 አምፒር ነው፤ በገበያ ላይ በብዛት ከሚኮረጁትም ውስጥ ናቸው። የኦርጅናሉ ዋጋ የፌኩን ብዙ እጥፍ ቢሆንም ከጠቅላላው የጥገና ሒሳብ ላይ ትንሽ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከታወቀ አከፋፋይ ራሳችሁ ገዝታችሁ ስጡ። ትራንዚስተሩ በጥንድ ይቀየር፤ ከፊቱ ያሉት ድራይቨሮች (እሱን የሚነዱት ትንንሽ ትራንዚስተሮች) እና ትንንሾቹ የሴራሚክ ሬዚስተሮችም ይለኩ። እነሱ ካልታዩ አዲሶቹ ትራንዚስተሮች እንደበሩ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ካፓሲተርም እንደዚሁ ይኮረጃል፤ ትልቁን ቆርቆሮ ስትከፍቱት ውስጡ ሌላ ትንሽ ካፓሲተር ተደብቆ ይገኛል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በመጥፎ ካፓሲተር ተጎድተዋል፤ የዚያ ዘመን ሪሲቨር ካላችሁ አናታቸው ያበጠ ካለ ይታይ። ሲቀየሩ 105 ዲግሪ የሚችሉት ይግቡ።

ጠጋኙን ለመለየት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከጥገና በኋላ መጀመሪያ በሲሪስ አምፖል (በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ በተከታታይ በገባ አምፖል) ነው ወይ የምታበራው? ሾርት ከቀረ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፣ ዕቃው ይተርፋል። ሁለተኛ፣ የስፒከር መውጫው ላይ ዲሲ ስንት ለካህ? ድምፅ ሳይኖር ከ50 ሚሊቮልት በታች መሆን አለበት። ግራ የሚጋባ ከሆነ ሪሲቨሬን ይዤ እወጣለሁ። ራሳችሁ ክዳኑን ለመክፈት ግን አትቸኩሉ፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም 50 ቮልትና ከዚያ በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ያገለገለ ከሆነ

የጥገናው ሒሳብ ከወሰኑ ካለፈ ምርጫዬ ይህ ነው። ያገለገለ ሪሲቨር ዋጋው የሚወድቀው በኤችዲኤምአዩ ማርጀት ነው፤ 4ኬ የማያሳልፍ ከሆነ ማንም አይፈልገውም። አምፕሊፋየሩና ትራንስፎርመሩ ግን ያው ናቸው። ምስሉን በቀጥታ ወደ ቲቪ፣ ድምፁን በኦፕቲካል ካደረጋችሁት በዝቅተኛው አዲስ ሪሲቨር ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ፣ የድሮውን ከፍተኛ ሞዴል ታገኛላችሁ።

ስትገዙ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ ከሆነና የእናንተ 220 ከሆነ መቀየሪያ ትራንስፎርመሩን ዋጋው ላይ ጨምሩት፤ ርካሽ የነበረው ውድ ሊሆን ይችላል። ሪሞትና የማስተካከያ ማይክሮፎን ከጎደሉም ዋጋ አስቀንሱ። ግማሽ ሰዓት አስከፍታችሁ እያንዳንዱን ቻናልና እያንዳንዱን የኤችዲኤምአይ መግቢያ ሞክሩ። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2012 የተሠሩ አንዳንድ የኦንክዮ ሞዴሎች ድምፅ የማጣት ችግር ስለነበረባቸው ኩባንያው ራሱ እስከ 2018 በነጻ ይጠግን ነበር፤ ስለዚህ ቦርዱ ተቀይሮለት እንደሆነ ጠይቁ። በ2020 የወጡት የዴኖን፣ የማራንትዝና የያማሃ ሞዴሎች ደግሞ ከጌም ማጫወቻው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በ4ኬ 120 ኸርትዝ (በሰከንድ 120 ምስል) ሲገናኙ ምስል ያጡ ነበር፤ ጌም የምትጫወቱ ከሆነ መፍትሔው ተደርጎለት እንደሆነ ሳታጣሩ አትክፈሉ።

አዲሱና ሳውንድባሩ

አዲስ ግዙ የምለው አትሞስ ወይም 4ኬ 120 ኸርትዝ የግድ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ እሱም ዋስትናው በጽሑፍ ከተሰጠው ብቻ። በተረፈ በዝቅተኛው አዲስ ሞዴል ዋጋ የምታገኙት ከድሮው መካከለኛ ይልቅ የቀለለ ትራንስፎርመር ነው። ሳውንድባር ስትገዙ ደግሞ ያሏችሁ አምስት ጤነኛ ስፒከሮች ሥራ ይፈታሉ፣ የእነሱንም ዋጋ ከሳውንድባሩ ዋጋ ላይ ደምሩት። ስፒከሮቹም ካረጁና ቦታ ከጠበበ ብቻ ያዋጣል።