ሜክሲኮ ያለችው ትኬት ቢሮ እና የሰባት ወር ልጄ ወንበር

ባለፈው ክረምት የሰባት ወር ልጄን ይዤ ብቻዬን ወደ አውሮፓ ሄጄ ነበር። ትኬቱን የቆረጥኩት ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ፎቅ ላይ ካለች ትኬት ቢሮ ነው። ዋጋቸው ከጠየቅኳቸው ሁሉ ይሻላል። ሠራተኞቹ ትሁት ናቸው፣ በቴሌብር ከፍዬ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጨርሼ ወጣሁ። በዚህ በኩል እንከን አይወጣላቸውም።

ቅሬታዬ ወንበሩ ላይ ነው።

ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ታቅፎ መብረር ይችላል፣ በዓለም አቀፍ በረራ አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ይከፈልበታል። ይሄን ነገሩኝ። ዋናውን ግን አልነገሩኝም። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የምትሰካው የህፃን አልጋ፣ ባሲኔት የሚሏት፣ በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ጥቂት ናት፤ ቀድሞ ያልያዘ ሰው አያገኛትም ማለት ይቻላል። እኔ ስለ አልጋው ስጠይቅ ትኬት የቆረጠልኝ ልጅ "አትጨነቂ እህቴ፣ ኤርፖርት ላይ ይሰጡሻል" አለኝ። አመንኩት።

ቦሌ ስደርስ የፊቱ ረድፍ ሞልቷል። ትኬቴ ላይ ስለ አልጋ የተያዘ ነገር የለም። መሃል ወንበር ተሰጠኝ፣ እሱም አልበረከተልኝም። አጠገቤ ሌላ ህፃን የታቀፈች እናት ነበረችና ሆስተሷ መጥታ ሁለታችሁ እዚህ አብራችሁ መቀመጥ አትችሉም አለችን። መጀመሪያ ተናደድኩ። ስታስረዳኝ ግን ገባኝ፦ ከሦስቱ ወንበሮች በላይ ያለው የኦክስጅን ማስክ አራት ነው፣ ስለዚህ እዚያ ረድፍ ላይ ከአንድ በላይ የታቀፈ ልጅ አይፈቀድም። ለልጄ ትንፋሽ የወጣ ደንብ ነው፣ ምን እላለሁ? ተነሳሁ። ከኋላ የነበሩ እማማ "ነይ ልጄ፣ እኔ መሃል እገባለሁ" ብለው ኮሪደር በኩል ያለውን ለቀቁልኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ሆስተሷ ከእኔ ቀበቶ ጋር የምትያያዝ ትንሽ ቀበቶ አምጥታ ልጄን ወገቧ ላይ አሰረችልኝ። ልጄ ዘጠኝ ኪሎ ናት። ሰባት ሰዓት ሙሉ ክንዴ ላይ ሆና ግራ እጄ ደንዝዞ የውሃ ክዳን መክፈት አቃተኝ። ሽንት ቤት የሄድኩት አንዴ ነው፣ ያውም እማማ ይዘውልኝ።

ለመመለሻው አልጋ ለመያዝ ከዚያው ሆኜ ቢሮው ደወልኩ። ስልኩን ሌላ ልጅ አነሳች። መጀመሪያ የልጄን ክብደት ጠየቀችኝ፣ ምክንያቱም ብዙ አየር መንገዶች አልጋው ላይ ከ10 ወይም 11 ኪሎ በላይ አይቀበሉም። በማግስቱ በቴሌግራም የአልጋውን ወረቀት ላከችልኝ፣ "ተጠይቋል" ሳይሆን "ተረጋግጧል" የሚል። እነዚህ ሁለት ቃላት ምን ያህል እንደሚራራቁ ያኔ ነው ያወቅኩት።

የፊት ወንበሩም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። የክንድ መደገፊያው አይነሳም፣ አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ የዳይፐር ቦርሳሽ ከላይ ይሰቀላል፣ ሲናወጥ ደግሞ የተኛችውን ልጅ አንሺ ትባያለሽ። ቢሆንም ሦስት ሰዓት ያህል ተኛችልኝ፣ እኔም ምግቤን በሁለት እጄ በላሁ።

ሦስት ኮከብ ሰጥቻቸዋለሁ። የምትሄዱ ከሆነ ስልክ ያነሳችውን ልጅ ጠይቁ፣ ማረጋገጫውን ሳታዩም ከቢሮው አትውጡ። ልጃችሁ ከመመለሻው ቀን በፊት 2 ዓመት የሚሞላው ከሆነ ደግሞ እዚያው ንገሯቸው፣ ለመመለሻው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል።