ለሴስና ርካሽ የነዳጅ ማፍሰሻ ቫልቭ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ አትክፈሉ

እዚህ አሜሪካ ትናንሽ አውሮፕላን የምታበሩ፣ በተለይ ሴስና በጋራ ገዝታችሁ ወጪ የምትካፈሉ ወገኖች፣ ይቺን ሳታነቡ ካርዳችሁን አታውጡ።

ኦንላይን ላይ "ለማንኛውም ሴስና 172 ይሆናል" እየተባለ የሚቸበቸብ ማፍሰሻ ቫልቭ አለ። ዋጋው ከኦሪጅናሉ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ያጓጓል፣ አልፈርድም። 172 አር ወይም ኤስ የተባለውን ሞዴል የያዘ ሰው ማፍሰሻው 13 ቦታ ስለሆነ ሁሉንም ልቀይር ሲል ሂሳቡ ያስደነግጠዋል። አውሮፕላን የምንጋራው ጓደኛዬ አዘዘ። የመጣው ዕቃ በባዶ ፌስታል ተጠቅልሎ ነው። የሠሪው ስም የለም፣ የፓርት ቁጥር የለም፣ ኤፍኤኤ-ፒኤምኤ የሚል ምልክት፣ ማለትም የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) ሠሪው ዕቃውን እንዲያመርት መፍቀዱን የሚያሳየው፣ ዕቃውም ላይ መጠቅለያውም ላይ የለም። "እንዳያፈስ ማሸጊያ በነጻ" ብለው ደግሞ አንድ ጥቁር ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) እና የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠመጥመውን ነጭ ቴፍሎን ጨምረውበታል።

መካኒካችን አየት አድርጎ "እኔ አልገጥመውም" አለ። እውነቱን ነው።

ቫልቯ የምትቀመጠው ታንኩ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ እዚያ ይጠራቀማል፤ ከበረራ በፊት ገፋ አድርገን ቀድተን የምናየው ለዚህ ነው። ስለዚህ በየበረራው የምትከፈትና የምትዘጋ፣ ከላይዋ ሙሉ ነዳጅ የተሸከመች ዕቃ ናት። ትንሽ ብታፈስ ቀላል ነገር አይደለም።

ቫልቯ እንዳታፈስ የምትታሸግበት መንገድም ታንኩ ላይ እንደምትጠብቅበት የብሎን ጥርስ ይለያያል። ጥርሱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ከሆነ የሚያሽገው ራሱ ጥርሱ ነው፣ ነዳጅ የማያሟሟው ቅባት ስስ ተደርጎ ይቀባል፣ ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ግን ባዶውን ይተዋል። ቴፍሎን እዚህ አይገባም፤ ክሩ ተበጥሶ ማጣሪያና ካርቡሬተር ድረስ ይሄዳል፣ ጥርሱንም ስለሚያንሸራትት ሳይታወቅ ከመጠን በላይ ይጠብቅና የታንኩን መቀበያ ይሰነጥቃል። ጥርሱ ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ የሚያሽገው ኦሪንጉ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ኤምኤስ29513 የሚል ቁጥር ያለው ኦሪንግ ለነዳጅ የተሠራ ነው፣ ኤምኤስ28775 ለሃይድሮሊክ ዘይት። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ በዓይን አትለዩአቸውም። ፌስታሉ ላይ ቁጥር ከሌለ የትኛው እንደተላከላችሁ በምን ታውቃላችሁ? የማይሆነው ኦሪንግ ነዳጅ ሲነካው ያብጣል ወይም ይደርቃል።

ሌላም አለ፦ አንዳንዱ ቫልቭ ተገፍቶ ሲዞር ክፍት ሆኖ ይቆለፋል፣ አንዳንዱ እጃችሁን ስትለቁ ራሱ ይዘጋል። ሻጩ የትኛው እንደሆነ እንኳን አልጻፈም።

ስትገዙ መጀመሪያ በአውሮፕላናችሁ ሴሪያል ቁጥር ከፓርት ካታሎጉ ላይ ትክክለኛውን ቁጥር አውጡ። ከዚያ ምልክቱ ያለበትን ፎቶ ወይም ዕቃው የተፈቀደ መሆኑን የሚያረጋግጠውን 8130-3 የተባለውን የኤፍኤኤ ወረቀት ጠይቁ፣ ገንዘቡ ከመተላለፉ በፊት። ሻጩ "ያው ነው፣ ይሠራል" ካላችሁ ተዉት።

ገጥማችሁትም ከሆነ ክንፉ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። 100 ሎው ሊድ የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም ስላለው ቤንዚኑ ቢተንም እድፉ ይቀራል። ካያችሁ አትብረሩ፣ ዝም ብላችሁም አታጥብቁት፣ መካኒክ ጠርታችሁ አሳዩት።

ጓደኛዬ ገንዘቡን ሲጠይቅ "ፌስታሉ ተከፍቷል" ብለው እምቢ አሉት። ፎቶዎቹን ይዞ በካርዱ ባንክ በኩል ተከራከረ፣ ተመለሰለት። እናንተም መጠቅለያውን አትጣሉ፤ ያልተፈቀደ ዕቃ ነው ብላችሁ ስትጠረጥሩ ለኤፍኤኤም በቅጽ 8120-11 ማመልከት ይቻላል፣ እኛ አመልክተናል።