የሙቀት መቆጣጠሪያዬ ከዘጠኝ ወርና ከሰባት ዙር ቀይ ኤል በኋላ

ይህን መቆጣጠሪያ ከመግዛቴ በፊት ቀይ ኤል የሚባለውን ቀላ ያለ ቢራ ሁለት ጊዜ ጠምቄ ነበር። አልሻገቱም፣ አልኮመጠጡም፤ ሆኖም ሁለቱንም ለእንግዳ ለማቅረብ ድፍረት አጣሁ። የመጀመሪያው ሲዋጥ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሽታውም ቀለም ማቅጠኛ ያስታውሳል። ሁለተኛው ደግሞ ብርጭቆው አፍ ሳይደርስ የቀለጠ ቅቤ ይሸታል። ብቅሉ ያው፣ ቢራውን የሚያመርረው ሆፕ ያው፣ እርሾው ያው። የተለየው የአየሩ ሁኔታ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን የጠመቅኩት ክፍሉ ቀን ከሌት በሚሞቅበት ሰሞን ነው፤ ሁለተኛውን ሌሊቱ በሚቆረጥምበት ጊዜ።

ከዚያ በኋላ አንድ አሮጌ ፍሪጅ፣ አንድ የማሞቂያ ቀበቶና ይህን መቆጣጠሪያ አሟልቼ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ሰባት ዙር ጠምቄአለሁ፣ እያንዳንዱ 20 ሊትር። ገና ከካርቶኑ በወጣ ዕቃ ላይ የሚጻፍ ምስጋና ለገዢ ስለማይጠቅም እስካሁን ምንም ሳልጽፍ ቆየሁ።

ዕቃው ሲያዩት ቀላል ነው። መዳፍ የሚያህል ሳጥን ሲሆን በአንድ በኩል ግድግዳ ላይ የሚሰካ ስፒና፣ በሌላ በኩል ሁለት ሶኬቶች አሉት፤ አንዱ ለማቀዝቀዣ፣ አንዱ ለማሞቂያ። ከሳጥኑ ቀጭን ሽቦ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር አለ። የፍሪጁን የራሱን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ቅዝቃዜ አዙራችሁ ትተዉታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ መብራት የሚሰጠውም የሚያቋርጠውም መቆጣጠሪያው ነው። ሴንሰሩ ከተሞላለት ዲግሪ በላይ ሲያነብ ፍሪጁ ይነሳል፣ በታች ሲያነብ ቀበቶው ይሞቃል። ሥራው ይኸው ነው።

ማወዳደር እንድችል የጠመቃ መጠኔን ሰባቱንም ጊዜ አልነካሁትም፦ 3.7 ኪሎ ነጣ ያለ የገብስ ብቅል፣ 250 ግራም ክሪስታል ብቅል፣ 80 ግራም የተቆላ ገብስ። በ67 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ አንድ ሰዓት አፈላዋለሁ፤ መፍላት ሲጀምር 40 ግራም ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ ሆፕ እጨምራለሁ። የፈሳሹን እፍጋት የሚለካው ሃይድሮሜትር (ስኳሩ እያለቀ ሲሄድ ንባቡ ይወርዳል) መጀመሪያ ላይ 1.043፣ ሲያበቃ 1.011 አካባቢ ያነባል፤ አልኮሉ ወደ 4.2 በመቶ ይሆናል። ቀዩ ቀለም የሚመጣው በተለይ ከዚያች 80 ግራም የተቆላ ገብስ ነው። ከጠቅላላው እህል 2 በመቶ ገደማ ናት፤ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ስታነሱት የሮማን ፍሬ ቀለም ታሳያለች። እጅ ቢበዛባት ግን ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ወደ ተቃጠለ እህል ምሬት ያደላል።

ቀይ ኤል ስህተት የሚሸፍን ቢራ አይደለም። ሆፑ ትንሽ ነው፣ የተቆላው ገብስም ትንሽ ነው። ብዙ ሆፕ ያለበት ቢራ የእርሾን ጥፋት በሆፑ መዓዛ ሊውጠው ይችላል፤ ይኼኛው አይችልም። መቆጣጠሪያውን በዚህ ቢራ የፈተንኩት ለዚህ ነው።

እርሾ ስኳሩን ሲበላ ሙቀት ያመነጫል። ሥራው በጋለበት ሰዓት ባልዲው ውስጥ ያለው ቢራ ከክፍሉ አየር ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል፤ ክፍሉ 22 ከሆነ ቢራው 26 ላይ ነው ማለት ነው። እኔ የምጠቀመው ዋይስት 1084 የተባለ የአየርላንድ ኤል እርሾ ሲሆን የሚመከርለት ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ነው። የመጀመሪያው የድሮ ዙሬ ከዚያ ወሰን አልፎ እንደነበር አሁን አልጠራጠርም። ጉሮሮ የሚያቃጥሉት ከባድ አልኮሎች የሚበዙት እርሾው በሚራባበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። ያኔ ያመለጠ ሙቀት ቢራው ኋላ ሺህ ጊዜ ቢቀዘቅዝ አይመለስም።

ስለዚህ አሁን ብቅል ውሃውን እስከ 17 ዲግሪ አቀዘቅዘውና እርሾውን እጨምራለሁ፤ ወደ 18 እንዲወጣ እተወውና ለአራት ቀን እዚያው አቆየዋለሁ። በዚህ ረገድ መሣሪያው ከጠበቅኩት በላይ ነው። በሁለተኛው ቀን አረፋው ክዳኑን ሊነካ ሲደርስና ጋዝ ማስወጫው ያለ ዕረፍት ሲንጣጣ እንኳ ንባቡ ከ17.8 እስከ 18.5 ብቻ ነው የሚወዛወዘው።

እዚህ የደረስኩት ግን ሴንሰሩን የት እንደማስቀምጥ ካወቅኩ በኋላ ነው። የዚህ ግምገማ ዋና ነገር ይህ ስለሆነ ልዘርዝረው። መቆጣጠሪያው ስለ ቢራው የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው የሴንሰሩን ጫፍ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሴንሰሩን ፍሪጁ ውስጥ አየር ላይ አንጠለጠልኩት። የመቆጣጠሪያው ማሳያ መስኮት ላይ 18 የሚለውን ቁጥር እያየሁ ልቤ አርፎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ባልዲውን ከፍቼ በሌላ ቴርሞሜትር ስለካው ቢራው 21.5 ነው። አየሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቢራው ቀስ ብሎ፤ ሴንሰሩ አየሩን አይቶ "በቃ" ይላል። በር በከፈትኩ ቁጥር ደግሞ ሞቅ ያለ አየር ስለሚገባ ኮምፕሬሰሩ ለከንቱ ይነሳል።

ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ሴንሰሩን ከቢራው ወለል በታች፣ በባልዲው ቁመት መሃል ላይ ከጎኑ ለጠፍኩት። ከላዩ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ስፖንጅ አድርጌ በሰፊ ፕላስተር አጥብቄ አሰርኩት። ስፖንጁ የፍሪጁን አየር ስለሚከለክል ሴንሰሩ የሚሰማው የባልዲውን ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ከቢራው ብዙ አይርቅም። በዚያው ቴርሞሜትር ሳመሳክረው ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ በታች ሆነ። ያለ ስፖንጅ በፕላስተር ብቻ ሞክሬው ነበር፤ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ አለፈ። ርካሽ ቁራጭ ስፖንጅ ናት፣ ግን የመሣሪያውን ግማሽ ሥራ የምትሠራው እሷ ናት።

ሦስተኛው ዙር ያሳዘነኝ ነው። ፍሪጅ ውስጥ እርጥበት አለ፣ ፕላስተር ደግሞ እርጥበት አይወድም። በሁለተኛው ቀን ምሽት በሩን ከፍቼ አይቼ ስዘጋ ፕላስተሩ ለቆ ሴንሰሩ ወድቋል፤ ሽቦው ተጎትቶ ጫፉ በበሩ ላስቲክ በኩል ወደ ውጭ ወጥቷል። አላየሁትም። በማግስቱ ከሰዓት ስመለስ ከበር ጀምሮ የፍሪጁ ድምፅ ይሰማል። መስኮቱ ላይ 22.8 ይላል። ሴንሰሩ ወለሉ ላይ ተኝቶ የክፍሉን አየር እየለካ ነው፤ መቆጣጠሪያውም የታዘዘውን ሲያደርግ፣ "ቢራው ሞቀ" ብሎ ፍሪጁን ሌሊቱንና ቀኑን ሙሉ ሲነዳው ኖሯል። ባልዲውን ስነካው እጄን ቆረጠመኝ። ቢራው 9 ዲግሪ ነው። የቆመው አረፋ ሟሽሿል፣ ጋዝ ማስወጫው ጸጥ ብሏል፣ እርሾው ሥር ላይ ወፍራም ነጭ ንጣፍ ሠርቷል። ሃይድሮሜትሩ 1.024፤ የመንገዱን ግማሽ ትንሽ አልፎ ቆሟል ማለት ይቻላል።

ሴንሰሩን መልሼ አሰርኩ፣ ዲግሪውን 20 ላይ አድርጌ ቀበቶው እንዲያሞቀው ተውኩት። ሲሞቅ ባልዲውን ክዳኑን ሳልከፍት ቀስ እያልኩ አዟዟርኩት፣ የተኛው እርሾ እንዲነሳ። ከሁለት ቀን በኋላ ጋዝ ማስወጫው እንደገና መንጣጣት ሲጀምር የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም። ሆኖም 1.014 ላይ ቆመ እንጂ እንደ ሌሎቹ 1.011 አልደረሰም። ጣፋጭነቱ ትንሽ በዛ፤ የተጠጣ ቢራ ነው፣ ግን የምፈልገው አይደለም።

ጥፋቱ የማሰሪያዬ ነው፣ ይሁንና መሣሪያው ሊያድነኝ ይችል ነበር። የከፍተኛ ሙቀት ማስጠንቀቂያ አለው፤ ሲመጣ ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው። 20 ላይ ሞልቼው ቢሆን ሴንሰሩ ወለሉን እንደነካ ይጮህ ነበር። ከዚያ ወዲህ በፕላስተር ፋንታ ባልዲውን ዙሪያውን የሚያቅፍ የላስቲክ ማሰሪያ እጠቀማለሁ፣ ማስጠንቀቂያውም ሁልጊዜ ክፍት ነው። ባልዲው ላይ ደግሞ በቀለም የሚያሳይ ተለጣፊ ቴርሞሜትር አለ። እሱና ሴንሰሩ ሲጣሉ ለተለጣፊው አደላለሁ፣ ምክንያቱም እሱ አይወድቅም።

አሞላሉን በተመለከተ ሁለት ነገር ልናገር። የኮምፕሬሰሩን ማዘግያ 10 ደቂቃ አድርጉት። ኮምፕሬሰር ቆሞ ወዲያው ሲነሳ ውስጡ ያለው ግፊት ገና አልተካከለምና ሞተሩ ይጨነቃል፤ አሮጌ ፍሪጅ ከሆነማ ዕድሜው ያጥራል። ልዩነቱን፣ ማለትም ፍሪጁ ወይም ቀበቶው ከመነሳቱ በፊት ንባቡ ከተሞላው ዲግሪ ምን ያህል እንዲርቅ የምትፈቅዱለትን፣ ከመጠን በላይ አታጥብቡት። እኔ "ትክክለኛነት ይሻላል" ብዬ ለማቀዝቀዣውም ለማሞቂያውም 0.3 ሞልቼ ነበር። ፍሪጁ ሲቆም ግድግዳው ላይ የቀረው ቅዝቃዜ ቢራውን ትንሽ ያወርደዋል፣ ያኔ ቀበቶው ይነሳል፤ ቀበቶው ሲያበቃ የቀረው ሙቀት ያሻቅባል፣ ፍሪጁ ይነሳል። ሁለቱ አንድ ባልዲ ላይ ሲታገሉ አንድ ቀን ሙሉ አለፈ። አሁን ለማቀዝቀዣ 0.5፣ ለማሞቂያ 1 ዲግሪ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ግን ቀበቶውን ከነጭራሹ እነቅለዋለሁ፣ እርሾው ራሱ ማሞቂያ ነውና።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት በረዶና ውሃ በእኩል ቀላቅዬ ሴንሰሩን ነክሬው ነበር። ዜሮ ማንበብ ሲገባው 0.7 አነበበ፤ በማስተካከያው ቀነስኩለት። በስድስተኛው ወር ደግሜ ስፈትሽ የሳተው በ0.2 ብቻ ነው።

የቅቤው ሽታ ነገር የተፈታው በማሞቂያው ሶኬት ነው፣ ይህንንም ብዙ ሰው አያስበውም። ይህን ሽታ የሚሰጠው ዳያሴቲል የሚባል ነገር እርሾ ሥራ ላይ እያለ ከሚለቀው ሌላ ንጥረ ነገር ቢራው ውስጥ ይፈጠራል፤ መልሶ የሚያጠፋውም ያው እርሾ ነው፣ ግን ሞቆና ነቅቶ ካለ ብቻ። ሁለተኛው የድሮ ዙሬ መጨረሻ ላይ ስለቀዘቀዘ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተኛ። አሁን ሃይድሮሜትሩ 1.015 አካባቢ ሲደርስ ዲግሪውን ወደ 21 አወጣዋለሁ፣ ለሦስት ቀን አቆየዋለሁ። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ እቀዳለሁ። አንዱን ሸፍኜ በ60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አቆየውና አቀዘቅዘዋለሁ፣ ሌላውን አልነካውም፤ ሁለቱን አፈራርቄ አሸታለሁ። የሞቀው ቅቤ ከሸተተ ገና ነው፣ ሁለት ቀን ይጨመርለታል። በአራተኛው ዙር የሞቀው ብርጭቆ ሸተተ፣ ያልሞቀው ምንም አልነበረውም። በዚያን ቀን ጠርሙስ ውስጥ ብሞላው ኖሮ ሽታው ከሳምንታት በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር።

በመጨረሻ ለሁለት ቀን ወደ 2 ዲግሪ አወርደዋለሁ፣ እርሾው እንዲዘቅጥና ቢራው እንዲጠራ። ሲቀዘቅዝ በባልዲው አናት ያለው ጋዝ ስለሚኮማተር የጋዝ ማስወጫውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ አስቀድሜ ነቅዬ በንጹሕ ክዳን እዘጋዋለሁ።

ፍሪጁና ቢራው የቆየ ዝምድና አላቸው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ካርል ፎን ሊንደ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ቀደምት የማቀዝቀዣ ማሽኖቹን ከተከላቸው ቦታዎች አንዱ የሙኒኩ ሽፓተን ቢራ ፋብሪካ ነበር፤ ምክንያቱም ጠማቂዎች በረዶ ከሚያገኙበት ወራት ውጪ ለመጥመቅ ይቸገሩ ነበር። ሞተሩ በሌሊት ሲነሳ ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል።

የዕቃውን ጉድለት ልንገራችሁ። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ደካማ ነው፣ በር ከተዘጋ ከጎረቤት ክፍል አይሰማም። ያለፈውን ንባብ አያስታውስም፤ ሌሊት ምን እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ወይ ማደር ወይ ሌላ መቅጃ መግዛት ነው። የሴንሰሩ ሽቦ ቀጭን ነው፣ በሩ በሚጫነው ቦታ ላይ ልባሱ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ እኔ ቦታውን በኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልዬዋለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን የሞላሁትን አይረሳም፣ የውስጡ ማብሪያና ማጥፊያም በዘጠኝ ወር አንድም ቀን አልተጣበቀም። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ።

በዓመት አንድ ሁለቴ ብቻ የሚጠምቅ ሰው ባልዲውን ሰፊ ገንዳ ውሃ ውስጥ አቁሞ፣ ጠዋትና ማታ የበረደ የውሃ ጠርሙስ እየቀያየረ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ማለፍ ይችላል። አድርጌዋለሁ፣ ይሠራል፤ ትጋት ብቻ ይፈልጋል። በየወሩ ለሚጠምቅ ግን መቆጣጠሪያው ይሻለዋል።

አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ዙር ከእያንዳንዳቸው አንድ ጠርሙስ ጎን ለጎን ከፍቼ ቀምሻለሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ለስምንተኛው ዙር ሴንሰሩን በክዳኑ በኩል ቢራው መሃል ድረስ የሚያስገባ የማይዝግ ብረት ቱቦ አዘጋጅቻለሁ፤ የተለጠፈውን ሴንሰር ቦታውን ሳልለውጥ፣ በቱቦው ውስጥ ሁለተኛ ቴርሞሜትር አስገብቼ በሁለተኛው ቀን ሁለቱ ስንት እንደሚለያዩ እመዘግባለሁ።