ፒያሳ ያለው ትርጉም ቤት፦ ለትርጉም ሂዱ፣ ኬዝ (የተፈበረከ የስደት ታሪክ) እንዳትገዙ

ስሙን አልጠራም፣ ጎንደር ፒያሳ ወረቀት ያስተረጎመ ሰው ያውቀዋል። ደረጃውን ወጥታችሁ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ በር ላይ ደግሞ ወረፋ። በገጽ 350 ብር ከፈልኩ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት መብራት ከጠፋ ተመለሱ ነው የሚሏችሁ።

የሄድኩት የእህቴን የጋብቻ ወረቀት ለማስተርጎም ነው። ባሏ ጀርመን ገብቶ ስደተኛነቱ ጸደቀለትና እሷን ለመውሰድ የቤተሰብ ፕሮሰስ ጀመረ። ቸኩለን ነበር። እንደሱ እውቅና ያገኘ ሰው በ3 ወር ውስጥ ለሚስቱና ለልጆቹ ካመለከተ፣ ገቢህ ስንት ነው፣ ቤትህ ይበቃል ወይ ሳይባል ይታይለታል። 3 ወሯ ካለፈች ግን ያ ሁሉ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል።

ትርጉሙ በአንድ ቀን ደረሰ። እንግሊዝኛው ንጹህ ነው፣ የአያት ስም ሳይቀር በፓስፖርቷ ፊደል አስተካክለው ጽፈዋል፤ ሌላ ቦታ ይሄን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል እህቴ ቀኑን አየች። ሰርጓ ጥር 14 ቀን 2009 ዓ.ም ነው። እነሱ ጃንዋሪ 22 ቀን 2016 ብለውታል። ስልኳ ላይ ካሌንደር ከፈተችና «ይሄማ አርብ ነው! አርብ ማን ይደግሳል?» አለች። እውነትም፣ በጾም ቀን ማን ጥሬ ሥጋ ያቀርባል። ሰርጓ እሑድ ነበር፣ ትክክለኛው ዓመት 2017 ነው። የሚጽፈው ልጅ ለሁሉም ወር 7 ዓመት ይደምራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያስኬዳል፣ ፈረንጆቹ ዓመት ከለወጡ በኋላ ግን 8 ነው የሚደመረው።

ትንሽ ነገር ልትሉ ትችላላችሁ። ባልየው በጥገኝነት ኢንተርቪው 2017 ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ወረቀቱ 2016 ቢል ፋይሉን የያዘው ሰው ባልየውን ነው የሚጠራጠረው፣ የእኛን ጸሐፊ አይደለም። ልጁ ግን ሳይከራከር፣ ሳያስከፍል አስተካከለልን። ይቅርታም ጠይቋል።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ጥግ ላይ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ስንወጣ ተከትሎን «የኔ እህት፣ ጣሊያን የገባ ዘመድ ካለሽ የተዘጋጀ ኬዝ አለን፣ ሸምድዶ መግባት ብቻ ነው» አለኝ። ዋጋው የወር ደሞዜን ያስንቃል። ኧረ በእግዚአብሔር! ያንኑ ታሪክ ከዚህ በፊት ለስንት ሰው ሸጦታል? ኢንተርቪው የሚያደርጉት ሰዎች አንድ ዓይነት ታሪክ በተደጋጋሚ ሲሰሙ ይነቁበታል፣ ከዚያ በእውነት የታሰረውና የተደበደበው ልጅም አብሮ ይጠረጠራል።

ደግሞ ሰውዬው የማይነግራችሁ፣ እዚያ አውሮፓ የጥገኝነት ኢንተርቪው ላይ አስተርጓሚ በነጻ ይቀርባል። የተናገራችሁት ለአገራችሁ መንግሥት አይተላለፍም። ሪጀክት ቢደረግ ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ። የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት 33ኛ አንቀጽም ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር መመለስን ይከለክላል። ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጣሊያን ባሕር ላይ ያገኘቻቸውን ስደተኞች ጉዳያቸውን ሳትሰማ ሊቢያ ወስዳ አስረከበች። ከመካከላቸው 13 ኤርትራውያንና 11 ሶማሌዎች ስትራስቡርግ ባለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ከሰሷት፣ በ2012 ተፈረደላቸው። እነዚህ ሰዎች የተናገሩት የደረሰባቸውን ነው።

ለትርጉሙ ከ5 4 እሰጣለሁ፣ ቀኑን ራሳችሁ ቆጥራችሁ ከሆነ። ለበርጩማው ሰውዬ ዜሮ። ባለፈው ሳምንት ለኮፒ ስገባ ከኮምፒውተሩ በላይ ሁለቱንም አቆጣጠር የያዘ ትልቅ ካሌንደር ተሰቅሏል። ሰውዬው ግን አሁንም እዚያው በርጩማው ላይ ነው።